«ብሬን ለማን ልስጥ?» በድሬዳዋ የበጎ አድራጎት ድርጅት አጣርቶ የመርዳት መመሪያ

ሥራዬ የበጎ አድራጎት ድርጅቶችን ሒሳብ መሥራት ነው። ረመዳን ሲቃረብ፣ የቁልቢ ገብርኤል ሰሞን፣ ደግሞም የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ሰው ቤት አልባ ሲሆን ስልኬ በአንድ ጥያቄ ይጨናነቃል፤ «ትንሽ ብር አለኝ፣ ለማን ብሰጥ ነው ከቦታው የሚደርሰው?» ጠያቂው አንዳንዴ የከዚራ ነጋዴ ነው፣ አንዳንዴ ሳቢያን ያደገና ዛሬ ባሕር ማዶ ያለ ልጅ። የአንድ ድርጅት ስም ጠርቼ ማሰናበት እችል ነበር። ግን ኃላፊ ይቀየራል፣ ዘንድሮ በደንብ የሠራ ድርጅት ለከርሞ ሊዳከም ይችላል። ስለዚህ የማጣሪያውን መንገድ እንዳለ ጽፌዋለሁ። ሐረር ያላችሁም ያለ ብዙ ለውጥ ልትሠሩበት ትችላላችሁ።

የሚያስፈልጓችሁ

• ማስታወሻ ደብተርና እስክሪብቶ
• የድርጅቱ ሙሉ ስም፣ በምዝገባ ወረቀቱ ላይ እንደተጻፈው (የሰፈር መጠሪያው አይበቃም)
• የባንክ መተግበሪያ ወይም ቴሌብር ያለው ስልክ
• የድርጅቱ የመጨረሻ ዓመት የኦዲት ሪፖርት ቅጂ (ደረጃ 5 ላይ ትጠይቁታላችሁ)
• አንድ ነፃ ጠዋትና የባጃጅ ሒሳብ
• ከአገር ውጭ ከሆናችሁ፣ በአካል ሄዶ የሚያይላችሁ ከድርጅቱ ጋር የማይዛመድ ሰው

1. መጠኑን አስቀድማችሁ ወስኑ

በዓመት ስንት እንደምትሰጡ ጻፉ። በወር 500 ብር ከቻላችሁ በዓመት 6,000 ብር ነው። ከዚያ ላይ ትልቁን ድርሻ፣ ለምሳሌ 4,500ውን፣ አጣርታችሁ ለምትመርጡት ድርጅት መድቡ። የቀረው 1,500 ድንገት ለሚመጣ ችግር ይቀመጥ።

ይህ ለምን አስፈለገ? መጠን ያልወሰነ ሰው የሚሰጠው ድምፁን ከፍ አድርጎ ለጠየቀው ነው። ዝም ብሎ የሚሠራው ድርጅት ምንም አይደርሰውም። ለድንገተኛ የለያችሁት ደግሞ ጎረቤት ሲታመም «የለኝም» ከማለት ያድናችኋል።

ዘካ የምታወጡ ከሆነ ሒሳቡን ከሰደቃ ለይታችሁ ያዙ። ዘካ (ከኒሷብ፣ ማለትም ዘካ ግዴታ ከሚሆንበት ዝቅተኛ መጠን፣ በላይ ከሆነ ሀብት 2.5 በመቶ) በቁርኣን የተዘረዘሩ ስምንት ዓይነት ተቀባዮች አሉት፤ የድርጅት ቢሮ ኪራይ ወይም የግንባታ ወጪ በዚያ ውስጥ ይገባ እንደሆነ ከመስጠታችሁ በፊት የምታምኑትን ዓሊም ጠይቁ። ከዚያም ለድርጅቱ «ይህ ዘካ ነው» ብላችሁ በጽሑፍ ንገሩት። ካልነገራችሁት ከሌላው ገቢ ጋር ይቀላቀላል፣ አንዴ ከተቀላቀለ ደግሞ ማንም መልሶ አይለየውም።

2. ጉዳዩን አጥብቡ

«ሕፃናትን መርዳት» በጣም ሰፊ ነው። «ገንደ ቆሬ አካባቢ ትምህርት ያቋረጡ ልጆችን ወደ ክፍል መመለስ» ግን ልትከታተሉት የምትችሉት ነገር ነው። ጉዳዩ ሲጠብ ከስድስት ወር በኋላ ምን ብላችሁ እንደምትጠይቁ ታውቃላችሁ። የከተማውን ችግር ወይስ የገጠር ቀበሌዎቹን እንደምትመርጡም እዚሁ ላይ ወስኑ፤ ከተማው ለዓይን ስለሚቀርብ አብዛኛው ሰጪ እዚያው ይቀራል።

3. ሦስት እጩ ያዙ

ከአንድ በላይ ካላያችሁ ማወዳደር አትችሉም። የወረዳና የቀበሌ ማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኞችን፣ የእድር ዳኞችን፣ በሐረር ደግሞ የአፎቻ (እድር መሰሉ የሐረሪ ማኅበር) ሰዎችን ጠይቁ። ጥያቄያችሁ «ማን ጥሩ ነው?» አይሁን። «ባለፈው ዓመት ወደ ማን ሰው ላካችሁ? የላካችሁትን ሰው ተቀበለው?» በሉ። ለመጀመሪያው ጥያቄ ሰው ይሉኝታ ይዞት ሁሉንም ያመሰግናል፤ ለሁለተኛው ግን ያየውን ነው የሚነግራችሁ።

4. ምዝገባውን አጣሩ

የአገራችን የበጎ አድራጎት ድርጅቶች የሚተዳደሩት በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 ነው። መዝጋቢውና ተቆጣጣሪው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ነው። ድርጅቱን የምዝገባ ምስክር ወረቀቱን እንዲያሳያችሁ ጠይቁ፤ ስሙንና ቁጥሩን ገልብጡና ባለሥልጣኑን ጠይቃችሁ አመሳክሩ። ስሙ በአንድ ቃል እንኳ ከታወቀ ድርጅት ስም የሚለይ ከሆነ ቆም በሉ፤ በታዋቂ ድርጅት ስም መነገድ የሚጀምረው ከዚች ትንሽ ልዩነት ነው።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። አዋጁ የሃይማኖት ተቋማትን፣ እንዲሁም እንደ እድርና እቁብ ያሉ ባህላዊ ማኅበራትን አይመለከትም። ስለዚህ እድራችሁ የባለሥልጣኑ ወረቀት የለውም ብላችሁ አትጠርጥሩት፤ የእነርሱ ማጣሪያ መዝገባቸው፣ ቃለ ጉባኤያቸውና የአባላቱ ዓይን ነው። የሃይማኖት ተቋም ያቋቋመው የልማት ወይም የእርዳታ ድርጅት ግን መመዝገብ አለበት።

ሁለተኛው፣ ምዝገባ ማለት ድርጅቱ ጎበዝ ነው ማለት አይደለም። ጥፋት ቢገኝ የሚጠየቅ አካል አለ ማለት ብቻ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ደረጃ ላይ ያቆማል፤ እውነተኛው ሥራ ግን ቀጥሎ ያለው ነው።

5. የኦዲት ሪፖርቱን ጠይቁና አንብቡ

ይህን ደረጃ ሰው ስለሚፈራው ይዘልለዋል። የሒሳብ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። ሪፖርቱን በእጃችሁ ያዙና እነዚህን አራት ቦታዎች ብቻ ተመልከቱ።

የኦዲተሩ አስተያየት። የመጀመሪያዎቹ ገጾች ላይ ነው። «ነቀፌታ የሌለበት» ካለ፣ ኦዲተሩ ሒሳቡ በአግባቡ መቅረቡን መስክሯል። «ከተጠቀሱት ጉድለቶች በስተቀር» የሚል ከሆነ ጉድለቶቹን አንብቡና ድርጅቱ ምን እንዳደረገ ጠይቁ። «አስተያየት መስጠት አልተቻለም» ከሆነ ማስረጃ አልተገኘም ማለት ነው፤ እኔ እንዲህ ላለ ድርጅት እስኪያስተካክል ድረስ አልሰጥም።

የአስተዳደር ወጪ። አዋጁ አስተዳደራዊ ወጪ ከድርጅቱ ገቢ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ይከለክላል። ገቢው 2,000,000 ብር ከሆነ ጣሪያው 400,000 ነው። አስተዳደራዊ የሚባለው የቢሮ ኪራይ፣ የጽሕፈት ዕቃ፣ የአስተዳደር ሠራተኛ ደመወዝ፣ የባንክ አገልግሎትና የመሳሰለው ነው። አረጋውያንን የምታጥበውና የምታበላው ተንከባካቢ ደመወዝ፣ እህል የሚያደርሰው መኪና ነዳጅ ግን የሥራው አካል ነው። «ደመወዝ ይበላሉ» እያልን ሁሉንም በአንድ ላይ ስንኮንን ተንከባካቢዋን ነው የምንቀጣው።

እንዲያውም «መቶ በመቶው ለልጆቹ ነው የሚደርሰው» የሚላችሁን ጠበቅ አድርጋችሁ ጠይቁት። ታዲያ መብራቱን ማን ይከፍላል? ሒሳቡን ማን ይሠራል? ሌላ ለጋሽ ሸፍኖት ሊሆን ይችላል፣ ያ ጥሩ መልስ ነው። መልስ ከሌለ ግን ወጪው ሌላ ስም ተሰጥቶት የሆነ ቦታ ተቀምጧል።

የዓመት መጨረሻ ቀሪ ገንዘብ። ድርጅቱ የሁለትና የሦስት ዓመት ወጪውን የሚሸፍን ገንዘብ ባንክ አስቀምጦ «ነገ የምናበላው የለንም» ካለ፣ ለምን እንደሆነ ይንገራችሁ። ለግንባታ የታሰረ ገንዘብ ሊሆን ይችላል። በተቃራኒው የሁለት ወር ወጪ እንኳ በእጁ ከሌለ አንድ ለጋሽ የቀረ ቀን በሩ ይዘጋል፤ እንዲህ ላለው ድርጅት በየወሩ የሚገባ ትንሽ ብር ዓመት ጠብቆ ከሚመጣ ትልቅ ብር ይበልጥበታል።

ያለፈው ዓመት ዓምድ። ሪፖርቱ የሁለት ዓመት ቁጥር ጎን ለጎን ያሳያል። የምግብ ወጪ በግማሽ ወርዶ የተረጂው ቁጥር ካልቀነሰ፣ ወይም የጥገና ወጪ በድንገት ካሻቀበ ጠይቁ። ጥያቄያችሁ ክስ አይደለም፤ መዝገቡን በደንብ የያዘ ሒሳብ ሹም በደስታ ያስረዳችኋል።

የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 የሚዘጋ ድርጅት የኦዲት ሪፖርቱ በሐምሌ አይደርስም። ጥቂት ወራት ስጡትና በዚያ መካከል ያለፈውን ዓመት ሪፖርት ተቀበሉ። «ኦዲት ምስጢር ነው» ለሚል ግን ጊዜ አታባክኑ።

6. ሄዳችሁ እዩ

ጠዋት ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ላይ ሂዱ። የድሬ ሙቀት ከሰዓት በኋላ ሰውን ሁሉ ጥላ ውስጥ ስለሚሰበስበው ሥራው የሚታየው ጠዋት ነው። ቀጠሮ ይዛችሁ ሂዱ፣ ግን ከአንድ ሰው በላይ አነጋግሩ፤ ከኃላፊው ሌላ ምግብ የምትሠራዋን፣ ዘበኛውን። መጋዘኑን እዩ። እህሉ ከመሬት ከፍ ብሎ ተደርድሯል? የገባና የወጣ የሚመዘገብበት ካርድ አለ? ካርዱ ላይ ያለው ቁጥርና መደርደሪያው ላይ ያለው ይገጥማል? ከጆንያዎቹ ጥቂት ብትቆጥሩ ብዙ ትረዳላችሁ።

የሕፃናት ማሳደጊያ ከሆነ ሁለት ጥያቄ አትርሱ። ከልጆቹ ስንቱ እናት፣ አባት ወይም አክስት በሕይወት አላቸው? ወደ ቤተሰብ ለመመለስ ምን እየተደረገ ነው? ብዙ ልጅ ማሳደጊያ የሚገባው ወላጅ ስለሌለው ሳይሆን ወላጁ ማብላት ስላቃተው ነው። ልጁ ቤቱ ሆኖ እንዲማር እናቱን የሚደግፍ ድርጅት ካገኛችሁ ሚዛኑን ወደዚያ አድርጉ።

ማስጠንቀቂያ፦ የሕፃናትና የሕሙማን ፎቶ አታንሱ፣ አትለጥፉ። ዛሬ እጁን ዘርግቶ ዳቦ ሲቀበል የተነሳው ልጅ ነገ በትምህርት ቤቱ የሚያፍርበት ምስል ይሆናል። ጎብኚ ሁሉ ያለ ፈቃድ እንዲያነሳ የሚለቅ ድርጅት ሌላውንም ነገር አይጠብቅም።

7. በትንሹ ጀምሩና ደረሰኝ ያዙ

የመጀመሪያውን ብር ለመፈተኛ ስጡት፤ ከዓመቱ ድርሻ አንድ አሥረኛው ይበቃል። የሚገባበት ሒሳብ በድርጅቱ ስም የተከፈተ መሆን አለበት። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ከሆነ ቁጥሩ 13 አኃዝ ሆኖ በ1000 ይጀምራል፤ መተግበሪያው ከማረጋገጣችሁ በፊት የተቀባዩን ስም ያሳያችኋል። ያንን ስም ሳታነቡ አትጫኑ። የግለሰብ ስም ከመጣ አቋርጡ። በቴሌብር ከሆነም ለድርጅቱ የተሰጠ የክፍያ ቁጥር እንጂ የአስተባባሪው የግል ስልክ አይሁን። «የድርጅቱ ሒሳብ ተዘግቶ ነው፣ ለጊዜው በእኔ ላኩት» የሚል ቃል ከሰማችሁ ለጊዜውም ቢሆን አትላኩ።

ከዚያ ደረሰኝ ጠይቁ። ተከታታይ ቁጥር፣ የድርጅቱ ስም፣ ባለ 10 አኃዝ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ ማኅተም ሊኖረው ይገባል። የባንክ መልእክት ብቻውን ብሩ መውጣቱን እንጂ በድርጅቱ መዝገብ መግባቱን አያሳይም፤ ኦዲተር ደግሞ የሚቆጥረው ደረሰኙን ነው። በሰጣችሁ በሳምንት ውስጥ ሳትጎተጉቱ ደረሰኝ ከመጣ ጥሩ ምልክት ነው።

ነጋዴ የሆናችሁ ደረሰኙን አትጣሉ፤ የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ለኢትዮጵያ በጎ አድራጎት ድርጅት የተሰጠ ስጦታን እስከ ግብር የሚከፈልበት ገቢ 10 በመቶ ድረስ በወጪነት ይቀበላል። አፈጻጸሙን ከሒሳብ ሠራተኛችሁ ጋር ተነጋገሩበት። ለደመወዝተኛ አይሠራም።

8. ገንዘብ ወይስ ዕቃ?

ካልተጠየቃችሁ በቀር ገንዘብ ስጡ። ድርጅቱ ከቀፊራ ወይም ከጅምላ ነጋዴ በብዛት ሲገዛ እናንተ በችርቻሮ ከምትገዙት ይረክስለታል፤ የጎደለውን የሚያውቀውም እርሱ ነው። ዕቃ መስጠት ካሻችሁ መጀመሪያ ዝርዝር ጠይቁ።

የድሬ ሙቀት ደግሞ የራሱ ሕግ አለው። ብዙ መድኃኒት ከ25 ወይም ከ30 ዲግሪ በታች እንዲቀመጥ ማሸጊያው ላይ ተጽፏል፤ እዚህ ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው መጋዘን ከዚያ ያልፋል። ከውጭ በሻንጣ የሚመጣ የተራረፈ መድኃኒት አታምጡ። የዓለም ጤና ድርጅት የልገሳ መመሪያ መድኃኒት አገር ሲገባ ቢያንስ አንድ ዓመት የአገልግሎት ጊዜ እንዲቀረው ይመክራል፤ ያለፈበትን ማስወገድ ድርጅቱን ወጪ ያስወጣዋል። የሕፃናት ዱቄት ወተትም ሐኪም ካላዘዘው አትስጡ፤ ንጹሕ ውኃና ጡጦ በሌለበት ቤት ተቅማጥ ያመጣል፣ ጡት ማጥባት ያቆመች እናት ደግሞ ወተቷ ይደርቅባታል። ወፍራም ጃኬትና ብርድ ልብስ ለቁልቢና ለሐረማያ ደጋ ይሁን፤ ድሬ ላይ ቦታ ይይዛል።

ጎርፍ ሲመጣ ይህ ደረጃ ይብሳል። በሐምሌ 1998 ደቻቱ ሌሊት ሰብሮ ከ200 በላይ ሰው ሲሞት ያየ የከተማው ሰው ሁሉ ቤቱ ያለውን ይዞ መውጣት ይፈልጋል። ልብሱን ከማሸጋችሁ በፊት መጠለያው ምን እንደጎደለው ጠይቁ፤ ብዙውን ጊዜ ሳሙና፣ የውኃ ጀሪካን፣ የወር አበባ ንጽሕና መጠበቂያና ድስት ነው፤ ማንም የማያስታውሳቸው ደግሞ እነዚህ ናቸው።

9. በስድስት ወር ተመለሱ

በደረጃ 2 የጻፋችሁትን ጥያቄ ይዛችሁ ሂዱ ወይም ደውሉ። «ስንት ልጅ ተመዘገበ?» ብቻ አትበሉ፤ «ከተመዘገቡት ስንቱ አሁንም ክፍል ውስጥ አሉ?» በሉ። «ሠላሳ መዝግበን ስምንቱ ወጡብን፣ ምክንያቱ ይህ ነው» የሚል ድርጅት ካገኛችሁ አትልቀቁት። እውነቱን የሚናገር ነው፣ የሚያሻሽልም እርሱ ነው። ከዚያ ወርኃዊውን ቋሚ አድርጉት፤ መጠኑ ትንሽ ቢሆንም ቀኑን የሚያውቀው ብር ለድርጅቱ ዕቅድ ይሆነዋል።

ለሕክምና የሚሰበሰብ ገንዘብ ሲገጥማችሁ

በድምፅ ማጉያ መኪና፣ በባነር፣ በቲክቶክ የሚመጣው ጥያቄ ሁሉ ሐሰት አይደለም፤ እውነተኛው ሕመምተኛም በዚሁ መንገድ ነው የሚለምነው። ስለዚህ ዝም ብሎ ማለፍም ዝም ብሎ መስጠትም አይሆንም። ለድንገተኛ ከለያችሁት ድርሻ ስጡ፤ ከዚያ በፊት፦

ሀ. የሆስፒታሉን ደብዳቤ እዩ። ስም፣ የካርድ ቁጥር፣ ቀን፣ ማኅተምና የተገመተ ወጪ ይኑረው። የአምና ደብዳቤ ከሆነ ለምን እንዳልታደሰ ጠይቁ።

ለ. ሆስፒታሉን ራሳችሁ ባገኛችሁት ቁጥር ደውሉ፤ ባነሩ ላይ ባለው አይሁን። ድል ጮራ፣ ሳቢያን ወይም ሐረር ሕይወት ፋና ከሆነ በአካል መሄድ ይሻላል። የሕመሙን ዓይነት አይነግሯችሁም፣ መንገርም የለባቸውም። ደብዳቤው የእነርሱ መሆኑን ግን ጠይቁ።

ሐ. ሒሳቡ በሁለት ወይም በሦስት ሰው ጣምራ ፊርማ የሚንቀሳቀስ መሆኑን አጣሩ። ከሕዝብ ገንዘብ የሚሰበስብ ኮሚቴ ከሆነ ፈቃዱን ያሳያችሁ።

መ. ከተቻለ በሕመምተኛው ስም ለሆስፒታሉ ካሸር በቀጥታ ክፈሉ።

ሠ. «ገንዘቡ ቢተርፍ፣ ወይም ሕመምተኛው ቢያርፍ ቀሪው ለማን ይሆናል?» ብላችሁ ጠይቁ። ለመጠየቅ ይከብዳል፣ ግን በእርጋታ ጠይቁት። አስቀድሞ ያልተወሰነ ቀሪ ገንዘብ ቤተሰብን ከኮሚቴ ያጣላል።

አንድ ነገር ልጨምር። የምታውቁት ድሃ ቤተሰብ ካለ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ዓመታዊ መዋጮውን ክፈሉለት። ከታመመ በኋላ ከሚሰበሰበው ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው፣ መላውን ቤተሰብም ይሸፍናል። የምዝገባውንና የእድሳቱን ወቅት ከቀበሌው ጠይቁ፤ ወቅቱ ካለፈ እስከሚቀጥለው ትጠብቃላችሁ።

ከአገር ውጭ ላላችሁ

ጎፈንድሚ ወደ ኢትዮጵያ ባንክ በቀጥታ አይከፍልም። ብሩ መጀመሪያ የሚገባው ውጭ አገር ባለው አስተባባሪ የግል ሒሳብ ነው። ስለዚህ የምታጣሩት ሁለት ሰው ነው፤ ሰብሳቢውንና እዚህ የሚቀበለውን። ሰብሳቢው ከዚህ የተሰጠውን የድርጅት ደረሰኝ ፎቶ እስኪለጥፍ ድረስ ሁለተኛ ዙር አትስጡ። በባንክ በኩል ላኩ፤ በጥቁር ገበያ የሄደ ብር ለድርጅቱ የውጭ ምንዛሪ ማስረጃ አይሆነውም፣ ኦዲት ላይም ያስቸግረዋል።

በብዛት የሚታዩ ስህተቶች

• በትንሽ በትንሹ ለአሥር ድርጅት መበተን። ማንንም መከታተል አትችሉም፣ ለእያንዳንዱ ደረሰኝ መቁረጥም ለእነርሱ ወጪ ነው። ሁለት ይበቃል።
• «ለሕንፃው ብቻ ይሁን» ብሎ ማሰር። ሕንፃው ያልቅና የሚያሠራው ደመወዝ ይጠፋል። አንድ ዓመት ካወቃችሁት በኋላ ሳታስሩ ስጡ።
• በበዓል ቀን ብቻ ማብላት። በበዓል ዕለት ምግብ ይተርፋል፤ በሳምንቱ ጓዳው ባዶ ነው። በጉን ከበዓሉ በኋላ ላለው ሳምንት አዙሩት፣ ወይም ድርጅቱ የጎደለበትን ቀን ጠይቁ።
• በኃላፊው ትሕትናና በንግግሩ መመዘን። መጋዘኑን እዩ።
• አጠራጣሪ ነገር አይቶ ዝም ብሎ መሸሽ። ያያችሁትን ቀንና ቁጥር ጽፋችሁ መጀመሪያ ለድርጅቱ ቦርድ አስገቡ፤ ካልመለሰላችሁ ለሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን፣ ማጭበርበር ከሆነ ለፖሊስ። ሳታጣሩ ግን በፌስቡክ ስም አትጥሩ፤ ተሳስታችሁ ከሆነ ምግቡ የሚቋረጥበት እዚያ ግቢ ያለው ሰው ነው።